በረካ የሌለው ቡና፦ የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስና የወጣቶች የአእምሮ ጤና በታሪክ መነጽር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



«የታሪክ መምህር ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ ምን አገባው?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ ውስጥ እንዳለ እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ምልክቱና ስለ ሕክምናው መናገር የሥነ ልቦናና የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ድርሻ ነው። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በሌላ ምክንያት ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት በዚሁ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ንግግር አድርጌ ነበር። ያን ጊዜ ከተናገርኩት ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነበር። ስሕተቱም በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ ሰው ላይ ደርሷል። ስለዚህ በአደባባይ የተናገርኩትን በአደባባይ ላርመው ወደድኩ።

፩. የፍርሃት ታሪክ

የያኔው ንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነበር፤ አዲስ የመገናኛ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎች ስለ ወጣቶች አእምሮ ይፈራሉ፤ ከጊዜ በኋላ ፍርሃቱ ይከስማል፤ መሣሪያውም ተራ የቤት ዕቃ ይሆናል የሚል ነው። ለዚህ የሚሆን ማስረጃ ለታሪክ ሰው አይቸግረውም።

ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ የግብፁን ንጉሥ ታሙስን ስለ ጽሕፈት ሲያናግረው፣ ንጉሡ ጽሕፈት የሰውን የማስታወስ ኃይል ያደክማል ብሎ ይሰጋል። እ.ኤ.አ. በ1774 የጎተ ልብ ወለድ፣ የወጣቱ የዌርተር ታሪክ፣ በጀርመን ታትሞ ወጣቶች እንደ ባለታሪኩ መልበስ በጀመሩ ጊዜ፣ የላይፕሲግ ከተማ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉንም ልብሱንም ከለከለ፤ ምክንያቱ ወጣቶች የባለታሪኩን አሟሟት ይከተላሉ የሚል ስጋት ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ የታተሙት የፔይን ፈንድ ጥናቶች ሲኒማ የሕፃናትን እንቅልፍ፣ ስሜትና ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ሐኪሙን ጠርቶ አደመጠ፤ አሳታሚዎችም ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ደንብ አወጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የወርታም የግል ማኅደር ለተመራማሪዎች ሲከፈት፣ ካሮል ቲሊ የተባለች ምሁር ሐኪሙ ከሕፃናቱ የሰበሰበውን ቃል ለመደምደሚያው እንዲስማማ አድርጎ እንዳዛባው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳየች። ይህን ምሳሌ እጅግ እወደው ነበር። ለመፍራት የቸኮለ ሰው ማስረጃውን ለማጣመምም እንደሚቸኩል ያስተምራልና።

ከአገራችንም ምሳሌ አልጠፋም። ስልክ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሲገባ፣ አንዳንድ ካህናት ከሽቦው የሚወጣውን ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደተቃወሙት ሲተረክ ኖሯል። በአዲስ አበባ ፊልም የታየበት ቤት «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። የዚያ ቤት ተመልካቾች የልጅ ልጆች ዛሬ በሲኒማ ቤት ደጃፍ ፈንዲሻ ይገዛሉ።

በዚያ ንግግሬ ታዳሚው ሣቀ፤ አጨበጨበ። እኔም ደስ አለኝ። «የዛሬው ጩኸትም እንዲሁ ያልፋል» ብዬ ዘጋሁት።

፪. ያቺ ተማሪ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የነበረች አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጣች። ስሟን አላነሣም፤ ታሪኳን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ በዚያ ወሰነ ትምህርት ግን ፈተናዋም የቤት ሥራዋም ወርዶ ነበር። «ዶክተር፣ ማንበብ አቃተኝ» አለችኝ። «አንድ ገጽ ሳልጨርስ እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ለምን እንዳነሣሁት እንኳን አላውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ እያየሁ ነው የማነጋው። የሰው ሁሉ ሕይወት ሲያምር የእኔ ብቻ ባዶ ይመስለኛል።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላት ዛሬም ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «በእኛ ጊዜም ሬዲዮ ነበር፤ ልብ ወለድ ነበር፤ ቪዲዮ ቤት ነበር። ሁሉም ያልፋል። ስልክሽን ዶርም ትተሽ ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ ተቀመጪ» አልኳት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ከአንድ ወር በኋላ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ አገሯ መሄዷን ከጓደኞቿ ሰማሁ።

ቤተሰቧ በመጀመሪያ ጠበል ወሰዷት፤ በኋላም ሐኪም ዘንድ አደረሷት፤ የድብርት ሕመም እንዳለባት ተነግሯት ሕክምና ጀመረች። በዓመቱ ተመልሳ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ተመረቀችም። ከመመረቋ በፊት ቢሮዬ መጥታ የነገረችኝን ነው ዛሬ ለእናንተ ይዤ የመጣሁት።

«ያኔ የነገሩኝን አስቤበት ነበር፣ ዶክተር» አለችኝ። «እርስዎ የጠሯቸው ነገሮች ሁሉ ያልቃሉ። መጽሐፍ ያልቃል። ሬዲዮ ይዘጋል። ፊልምም አልቆ መብራት ይበራል። ይሄ ግን አያልቅም።»

ሠላሳ ዓመት ያህል ስለ ዘመንና ስለ ለውጥ ሳስተምር፣ አንዲት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተናገረችውን ልዩነት አላየሁትም ነበር። እኔ የፍርሃቶቹን መመሳሰል ስቆጥር፣ የመሣሪያዎቹን ልዩነት ሳልቆጥር ቀረሁ። ለታሪክ ሰው ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። የሙያችን ግማሹ መመሳሰልን ማየት ከሆነ፣ ሌላው ግማሽ ልዩነትን ማየት ነው።

፫. «ተፈጸመ» የሚለው ቃል የጠፋበት ታሪክ

እስቲ የነገሮችን ማብቂያ እንመልከት። የብራና መጽሐፎቻችን ሲያበቁ «ተፈጸመ» ይላሉ፤ ጸሐፊው ብዕሩን ያስቀምጣል፤ አንባቢውም መጽሐፉን ይከድናል። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሥርጭት ሰዓቱ የተወሰነ ነበር። በልጅነቴ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ሳሎኑ በጎረቤት ልጆች ይሞላ ነበር፤ የዕለቱ ሥርጭት ሲያበቃ መስኮቱ በነጠብጣብ ይሞላና የቤቱ እመቤት «በሉ እንግዲህ፣ ደኅና እደሩ» ትለናለች። ማብቂያውን የምንወስነው እኛ አልነበርንም፤ ነገሩ ራሱ ማብቂያውን ይዞ ይመጣ ነበር።

ይህ ማብቂያ የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ተጠቃሚው የጓደኛውን ገጽ ራሱ ፈልጎ ይከፍት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ኩባንያው የጓደኞችን ዜና ሁሉ በአንድ መስመር የሚያወርድ ገጽ አመጣ። በዚያው ዓመት አዛ ራስኪን የተባለ የሶፍትዌር ነዳፊ ገጹ ሳያልቅ ወደ ታች የሚቀጥልበትን ዘዴ ሠራ፤ በኋላ ዘመን ግን ይህን በመሥራቱ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 አይፎን ሲወጣ መሣሪያው ከጠረጴዛ ወደ ኪስ፣ ከኪስም ወደ ትራስ ሥር ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ2009 «ወድጄዋለሁ» የሚለው ምልክት መጣ፤ የሰው ፍቅርና አክብሮት በቁጥር ተለክቶ በአደባባይ የሚለጠፍ ሆነ። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2010 ምስልን መነጋገሪያ አደረገው። በመጨረሻም ቲክቶክ ማንን እንደምንከተል ሳይጠይቅ፣ ዓይናችን በየትኛው ምስል ላይ ምን ያህል እንደቆየ እየመዘነ የሚቀጥለውን ያቀርብልን ጀመር።

የዚህ ሁሉ አሠራር ሥሩ ከኮምፒውተር ይቀድማል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከፈርስተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ሥራ፣ እንስሳት ሽልማታቸው መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ከሁሉ በላይ ሳይታክቱ እንደሚደጋግሙ አሳይቷል። በየጊዜው እህል የምታገኝ እርግብ ጠግባ ትተዋለች፤ አንዳንዴ የምታገኝ አንዳንዴ የምታጣ እርግብ ግን መቆንጠሯን አታቆምም። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው። ጣታችን ገጹን ወደ ታች በሳበው ቁጥር የሚመጣው ነገር ደስ የሚል ይሁን አሰልቺ አስቀድመን አናውቅም፤ እጃችንን የሚያስረውም ይኸው አለማወቃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፌስቡክ የመጀመሪያ መሪዎች አንዱ የነበረው ሾን ፓርከር፣ መሥራቾቹ የሰውን ሥነ ልቦና ድክመት እያወቁ እንደተጠቀሙበት በአደባባይ ተናግሯል።

«የኢንተርኔት ሱስ» የሚለው ስያሜ አመጣጡም የሚያስገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ኢቫን ጎልድበርግ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም፣ በሙያው መመሪያዎች አጻጻፍ ላይ ለመቀለድ ብሎ የዚህን «ሕመም» ምልክቶች ዘርዝሮ ጻፈ። ለቀልድ የተጻፈውን ያነበቡ ሰዎች ግን ምልክቱ በእኛም ላይ አለ ብለው ጻፉለት። በማግሥቱ ዓመት ኪምበርሊ ያንግ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገሩን ከቀልድ ወደ ጥናት አሸጋገረችው። እስከ ዛሬ ድረስ ግን የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ በዓለም አቀፍ የሕመሞች መዘርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አልገባም፤ የገባው እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛ እትም የሰፈረው የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ሱስ ነው። ስለዚህ እኔም «ሱስ» የምለው በሕዝብ አነጋገር እንጂ በሐኪም ፍርድ አይደለም።

፬. ማስረጃው ምን ይላል?

የወርታምን ስሕተት የምናውቅ ሰዎች እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ስልክ በበዛበት ዘመን ድብርት መብዛቱ፣ ስልክ ድብርትን አመጣ ለማለት አይበቃም። ተማሪዬ ራሷ የነገረችኝ አንድ ነገር አለ፤ አባቷ ያረፉት ስልኩ ላይ ማምሸት ከመጀመሯ ከጥቂት ወራት በፊት ነበር። ሐዘኑ ወደ ስልኩ ገፋት ወይስ ስልኩ ሐዘኑን ሕመም አደረገው? እርሷም በእርግጠኝነት አልመለሰችልኝም።

ምሁራንም በዚሁ ላይ ይከራከራሉ። ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ350 ሺህ በላይ የታዳጊዎች መረጃ መርምረው፣ የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በደኅንነት ስሜት ላይ ከሚታየው ልዩነት ሊያስረዳ የሚችለው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ ነው ብለዋል። ይህ ቁጥር የፈሩትን ሁሉ የሚያረጋጋ ይመስላል። ሌሎች ደግሞ አማካይ ቁጥር የተጎዱትን ጥቂቶች ይሸፍናል፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ማኅበራዊ ሚዲያ በአንድ ከረጢት መከተታቸውም ልክ አይደለም ብለው ይከራከራሉ።

እኔን እንደ ታሪክ ሰው የሳበኝ ሌላ ጥናት ነው። ፌስቡክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለሁሉም በአንድ ቀን አልተከፈተም፤ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ ተራ በተራ ነበር የተዳረሰው። ብራጊየሪ፣ ሌቪና ማካሪን የተባሉ ሦስት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይህን የጊዜ ልዩነት ተጠቅመው፣ ፌስቡክ የደረሳቸውን ኮሌጆች ገና ካልደረሳቸው ጋር አወዳደሩ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳተሙ። ፌስቡክ በገባባቸው ኮሌጆች የተማሪዎች የአእምሮ ጤና፣ በተለይም ከድብርት ጋር በተያያዘ፣ መቀነሱን አገኙ፤ ተማሪዎቹም የአእምሮ ጤና ችግር ትምህርታቸውን እንደጎዳው ይበልጥ ተናገሩ። ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኙት አንዱ ነገር ራስን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነበር። ይህ የሆነው ስልክ ኪስ ውስጥ ሳይገባ፣ የማያልቀው ገጽም ሳይስፋፋ መሆኑን ልብ በሉ። «የሰው ሁሉ ሕይወት ሲያምር የእኔ ብቻ ባዶ ይመስለኛል» ያለችኝ ልጅ ይህን ጥናት አላነበበችም ነበር።

ሌላም ጥናት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ላይ በአሜሪካ ሰዎች ለአራት ሳምንታት ፌስቡክን እንዲዘጉ ተከፍሏቸው ነበር። በየቀኑ በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ተረፋቸው፤ የደስታ ስሜታቸውም በመጠኑ ተሻሻለ። «በመጠኑ» የሚለውን ቃል አልሰርዘውም። ጉዳቱን ማጋነን፣ እንደ ወርታም፣ በኋላ እውነቱን ለሚናገር ሰው ጆሮ ያሳጣል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የአሜሪካ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም ባወጡት ማሳሰቢያ የያዙት አቋም ለእኔ ሚዛናዊ ይመስለኛል፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ለአንዳንድ ልጆች ጥቅም አለው፣ ጉዳትም አለው፣ ለልጆች በበቂ ሁኔታ አስተማማኝ ነው ለማለት ግን አሁን ያለን ማስረጃ አይበቃም የሚል ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ በአንድ ወቅት በተሞላ መጠይቅ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ቀድሞ የመጣውን ከተከተለው አይለዩልንም። ዓመታትን ተከትሎ የሚሄድ የራሳችን ጥናት ያስፈልገናል፤ ይህ እዚህ ለተቀመጡት ወጣት ተመራማሪዎች የቤት ሥራ ነው።

፭. ከንፈር መቁረጥና ቡና ማፍላት

እንግዲህ ኅብረተሰብ አእምሮን የሚስብ አዲስ ነገር ሲመጣበት ምን ያደርጋል? ከገዛ ታሪካችን ሁለት መንገዶችን እናገኛለን።

አንደኛው ክልከላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው መከልከላቸው የታወቀ ነው፤ የሚያጨስ ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን የታሪክ ጽሑፎች ያነሣሉ። ከዚህ የበረታ ቅጣት ማሰብ ያስቸግራል። ትንባሆ ግን ከንጉሡ በኋላም ኖረ።

ሁለተኛው መንገድ የቡና ነው። በክርስቲያኑ ደጋ አገር ቡና ለብዙ ዘመን የተከለከለ፣ የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ የሚጠላ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ማለዘባቸው ቡናው በፍጥነት እንዲስፋፋ ረድቷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን። ቡናው በሥርዓት ታቀፈ። ሰዓት ተሰጠው፤ ጎረቤት ተጠራበት፤ ወግ ተወጋበት። ከሁሉ በላይ ቁጥር ተሰጠው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የበረካው ሲኒ ከተነሣ በኋላ ሰው መርቆ ወደየሥራው ይበተናል። አራተኛ ስም የለም።

ተማሪዬ «ይሄ ግን አያልቅም» ስትለኝ በአእምሮዬ የመጣው ይህ ነው። በእጃችን የያዝነው በረካ የሌለው ቡና ነው። ብቻችንን የምንጠጣው፣ ማንም ያላፈላው፣ ማንም የማያነሣው።

ነገሩን ግን አላሳምረውም። ጫትም የራሱ ሰዓት፣ የራሱ መቀማመጫ፣ በርጫ የሚል ስምም አለው፤ ይሁንና ከዚህ ግቢ ስንት ተማሪ ይዞ እንደሄደ መምህራን እናውቃለን። ሥርዓት ሁሉ አያድንም። ደግሞም የቡናው ሥርዓት ሸክሙን በሴቶች ትከሻ ላይ የጫነ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሰው ራሱን ከሚስበው ነገር ጋር በሰላም የኖረው ብቻውን በታገለበት ጊዜ ሳይሆን፣ ማኅበረሰቡ ለነገሩ ልክ ባበጀለት ጊዜ ነው።

ልክ ማበጀትና መዝጋት አንድ አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ከተፈጠረው ውጥረት ጋር ተያይዞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው ነበር። በእነዚያ አምስት ወራት በክፍሌ ያየሁት ነገር ቢኖር ሁሉም ተማሪ ቪፒኤን መጫን መማሩን ነው፤ አንዳንዱ እንዲያውም ለእኔ ጫነልኝ። የአንባቢ ቁጥር ሲጨምር ግን አላየሁም። ከውጭ ተጥሎ የመጣ፣ ምክንያቱም የወጣቱ ጤና ያልሆነ ማብቂያ፣ ማብቂያ ሆኖ አይቆጠርም።

፮. ልዩነቱ የሚጠይቀን

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እኔም ራሴን የጠየቅኩት ነው። ቡናውን በሥርዓት ካቀፍነው ስልኩንስ ለምን በጊዜ ብዛት አናቅፈውም? የቀድሞው ንግግሬም እኮ «ያልፋል» ነበር የሚለው።

መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። ቡና ጠጪውን አያጠናም። አቦሉን የጠጣ ሰው ፊቱን ቢያዞር፣ ጀበናው ምን ቢጨመርብኝ ይመለስ ይሆን ብሎ ሌሊቱን ሲያስብ አያድርም። ይህ መሣሪያ ግን ያድራል። እኛ ልክ ባበጀን ቁጥር ልኩን የሚያልፍበትን መንገድ የሚፈልጉ፣ ደመወዛቸው በምናሳልፈው ደቂቃ የሚለካ ብልህ ሰዎች ከበስተጀርባው አሉ። ስለዚህ የቤትና የጎረቤት ሥርዓት ብቻውን አይበቃም፤ ሕግም ያስፈልጋል። ከአርባ በላይ የአሜሪካ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ሜታን የከሰሱት የልጆችን አእምሮ ጎድቷል፣ አሠራሩም ሆን ተብሎ የተነደፈ ነው በማለት ነው። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በእነዚህ መድረኮች ላይ መለያ እንዳይኖራቸው ሕግ አውጥታ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ለታዳጊዎች የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታን በሳምንት ሦስት ሰዓት ወስናለች። የትኛው እንደሚሠራ የሚፈርደው ጊዜ ነው። እኔ ግን በዕድሜ ከመከልከል ይልቅ በንድፉ ላይ የሚጣል ግዴታ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ገጹ ማብቂያ ይኑረው፤ ቪዲዮው ሳይጠየቅ አይቀጥል፤ ሌሊት ለታዳጊ ማሳወቂያ አይላክ። ይህ ከንፈር መቁረጥ አይደለም፤ ሲኒውን መቁጠር ነው።

ከሕጉ በፊት ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። የኮርስ ማስታወሻ በቴሌግራም የምንልከው እኛ መምህራን ነን። እኩለ ሌሊት ላይ የፈተና ማስታወቂያ ለጥፈን፣ ጠዋት ተማሪው ስልኩን እንዲተው እንመክራለን። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ከቀኑ እንደሚረክስ እያወቅን፣ ገንዘብ ያጠራት ተማሪ ለምን ሌሊቱን ሙሉ ስልኳ ላይ አደረች ብለን እንገረማለን። የመምህራን መልእክት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዳይላክ በትምህርት ክፍላችን ተስማምተን ጀምረናል፤ ሌሎችም እንዲከተሉን እጠይቃለሁ። በቤተ መጻሕፍቱም አንድ አዳራሽ ስልክ በር ላይ የሚቀመጥበት ይሁን፤ በግዴታ ሳይሆን በፈቃድ። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥ የነበረው ዓለምን ጠልቶ አይደለም፤ አንድ ሐሳብ እስኪሞላ ድረስ ሰላም ስለሚያስፈልገው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ለተማሪዎቻችን ማዘጋጀት ያቅተናል ብዬ አላምንም።

የመጨረሻው ነገር መስማት ነው። በዚህ አገር የአእምሮ ሕመም ስሙ ከባድ ነው። የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ለብዙ ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር ሰምተናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ በዚህ ረገድ ገና ወጣት አገር ነን። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ማንበብ አቃተኝ» ብሎ ወደ መምህሩ ቢሮ ሲገባ፣ ያን በር ለማንኳኳት ምን ያህል እንደተጨነቀ አስቡ። እኔ በዚያ ቀን የታሪክ ምሳሌ ደረደርኩ። ማድረግ የነበረብኝ «እንቅልፍሽስ? ቤተሰብስ ደኅና ናቸው?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ ምክር አገልግሎት ራሴ ይዣት መሄድ ነበር። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ስለ አባቷ ያን ቀን እሰማ ነበር፤ የሰማሁት ግን ከዓመት በኋላ ነው።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ስልካችሁን ጣሉ አልላችሁም፤ እኔም አልጣልኩትም። በዚህ ዓመት አንድ የግእዝ ዜና መዋዕል ሳነብ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ስልኬን እንዳነሣሁ በወረቀት ጠርዝ ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩ። ዐሥራ አራት መስመር አገኘሁ። ማሳወቂያ የመጣልኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ዕድሜውን በመጽሐፍ ላይ ያሳለፈ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ መጽሐፍ ከማፍቀሩ በፊት ስልክ የያዘ ልጅ ላይ መፍረድ አይገባኝም።

የዛሬ ዐሥር ዓመቱን ንግግሬን «ያልፋል» ብዬ ነበር የዘጋሁት። ዛሬ ይህን ቃል አንሥቻለሁ። በታሪክ ውስጥ በራሱ ያለፈ ነገር ጥቂት ነው፤ አለፈ የምንለው አብዛኛው ሰዎች ተቀምጠው ልክ ያበጁለት ነው። ያ ልክ ገና አልተበጀም።

 ጊዜያችን አልቋል፤ ጥያቄ ያለው ካለ በደስታ እቀበላለሁ።